«ፍሬው ነው የገደለው» አትበሉኝ

ሥራዬ የምግብ እጥረት ሕክምና ነው። ጎንደር አካባቢ ሚዛንና የክንድ መለኪያ ይዤ ነው የምውለው። ይህን ያወቀ ሁሉ፣ በተለይ «ኢንቱ ዘ ዋይልድ» የተባለውን ፊልም ያየ ወጣት፣ ክሪስቶፈር ማካንድለስን ያነሳብኛል፤ በ1992 በአላስካ ዱር አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ሞቶ የተገኘውን አሜሪካዊ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወሬው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጎበዝ ነበር፣ ጫካውን ለምዶት ነበር፣ መርዛም ፍሬ ባይበላ ኖሮ በሰላም ይወጣ ነበር። ጥቃቅኑን ስሕተት ቶሎ ቶሎ ላሳልፍና ወደዚህ እመለሳለሁ።

«ከቤት የጠፋ ልጅ ነው።» ሲሞት 24 ዓመቱ ነበር። የተሰወረውም በ1990 ከኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ ነው።

«ድህነት ነው ያሰደደው።» ከ24,000 ዶላር በላይ ቁጠባውን ኦክስፋም ለተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጥቶ ነው የሄደው።

«ሁለት ዓመት ጫካ ኖረ።» ሁለቱን ዓመት የዞረው በየከተማውና በየመንገዱ ነው፤ ደቡብ ዳኮታ የእህል ጎተራ ውስጥ ተቀጥሮም ሠርቷል። አላስካ ዱር የገባው በኤፕሪል መጨረሻ፣ የሞተው በኦገስት።

«መሞት ፈልጎ ነው የገባው።» ታዲያ ለምን ሊወጣ ሞከረ? ጁላይ መጀመሪያ ላይ ዕቃውን ሸክፎ መንገድ ጀምሮ ነበር። በኤፕሪል ያለ ችግር የተሻገረው የቴክላኒካ ወንዝ ግን የበረዶው ግግር ሲቀልጥ ሞልቶ ጠበቀውና ተመለሰ። ከቆመበት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት በብረት ገመድ ላይ በእጅ እየተሳበ የሚያሻግር ቅርጫት ተንጠልጥሎ ነበር። ደህና ካርታ አልያዘም፣ ስለዚህ አላወቀም። ኋላም የአውቶቡሱ በር ላይ ለጥፎ የተወው ወረቀት የድረሱልኝ ጥሪ ነው፤ በእውነተኛ ስሙ ፈርሞበታል።

«እንደኛ ባሕታውያን መሆኑ ነው።» ይህን ስሰማ ትንሽ ይሞቀኛል። የዋልድባ መነኩሴ ቋርፉን እየበላ የሚኖረው የሚበላውን ሥር ከሱ በፊት የነበሩ አባቶች ስላሳዩት ነው። አበምኔት አለው፣ ሥርዓት አለው፣ ቢታመም የሚያውቅለት ወንድም አለው። ማካንድለስ የያዘው ስለ አካባቢው ዕፅዋት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ነው።

አሁን ወደ ፍሬው። ነገሩ የመጣው ከራሱ ማስታወሻ ነው፤ ጁላይ 30 ቀን እጅግ መድከሙንና ጥፋቱ የዱር ድንች (ሥሩ የሚበላ የዚያ አገር ተክል ነው) ፍሬ መሆኑን ጽፏል። ታሪኩን በመጽሐፍ የጻፈው ጋዜጠኛ ጆን ክራካወር መጀመሪያ «ከሚመሳሰል መርዛም ተክል ጋር አምታትቶት ነው» አለ። ቀጥሎ «የለም፣ ያው የበላው ተክል ፍሬ ራሱ መርዝ አለበት» አለ፤ በአላስካ የፌርባንክስ ከተማ ኬሚስቶች መርምረው አጡበት። ከዚያ «ሻጋታ ነው» ተባለ። በ2013 ደግሞ «ኦዳፕ ነው» አለ። ኦዳፕ ማለት የኛው ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ነው! ሲመረመር ኦዳፕ ሳይሆን ኤል ካናቫኒን የሚባል ሌላ ነገር ተገኘና በ2015 አዲሱ ተከሳሽ እሱ ሆነ።

ጓያን ለደምቢያና ለፎገራ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ሌላው ሰብል ሲጠፋ ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው ነው እግሩ የሚያዘው። በደህና ዓመት ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የሚበላ ገበሬ በሽሮው እግሩን ሲያጣ አይታይም። (በእንፋሎቱ ይይዛል የሚባለውን ተዉት።) መርዙ እንኳ ጉልበት የሚያገኘው ረሀብ ቀድሞ ሲገባ ነው። ስለዚህ ፍሬው ምንም አላደረገውም አልልም፤ ጨምሮበት ይሆናል። ግን ሒሳቡን እንየው።

ይዞት የገባው ሩዝ 4.5 ኪሎ ነው። በኪሎ 3,600 ኪሎ ካሎሪ ብንይዝለት በጠቅላላው 16,000 ገደማ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ እየዞረ የሚያድን ወጣት ደግሞ በቀን ቢያንስ 2,500 ይፈልጋል። አንድ ሳምንት አይደርስም። የቀረውን ያገኝ የነበረው በትንሽ ጠመንጃ ወፍ፣ ጃርትና የዛፍ ሽኮኮ እየመታ፣ ሥርና የዱር ፍሬም እየለቀመ ነው። የዚያ አገር ሽኮኮ ቆዳው ተገፎ 100 ግራም ሥጋ ቢወጣው ነው፣ ያውም ስብ የሌለው። ሃያውን በአንድ ቀን ቢገድል እንኳ የዕለት ፍላጎቱን አይሸፍንም፤ ጉበት ደግሞ ያን ሁሉ ፕሮቲን ብቻውን ማስተናገድ አይችልም። ስብ ወይም እህል ከሌለ ሥጋ እየበሉም ይከሳል።

አንድ ጊዜ ቀንቶት ነበር። ጁን 9 ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘመድ ጣለ። በጭስ ሊያደርቀው ሲታገል ዝንብና ትል ቀደሙትና አብዛኛው ተበላሸ፤ መግደሉንም ተጸጽቶ ጽፏል። የአላስካ አዳኞች በቀጭኑ ዘልዝለው አየር ላይ ነው የሚሰቅሉት። ቋንጣ ማለት ነው! የኛ እናቶች ያለ መጽሐፍ የሚሠሩትን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ልጅ አላወቀውም።

አስከሬኑ ሲመዘን 30 ኪሎ ገደማ ነበር፤ የአሥር ዓመት ልጅ ክብደት። የመርማሪዎቹም ውጤት ረሀብ ይላል።

«መነሳት አቅቶት ነበር እኮ፣ ሽባ ያደረገው መርዙ ነው» የሚሉኝም አሉ። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ካላዛር የተባለ የሚያከሳ በሽታ ይዞት የተመለሰ ወጣት ተኝቶልን ያውቃል። ከአልጋው ጫፍ ሊነሳ ሲል ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ተክሎ ይገፋል፣ ግማሽ መንገድ ይደርሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ጭኑ ላይ የቀረ ጡንቻ አልነበረም። ቤተሰቡ ግን «አብረውት የሠሩት ልጆች መድኃኒት አስነክተውት ነው» ብለው ድርቅ አሉ። ካላዛሩንም መክሳቱንም ብነግራቸው አልሰሙኝም። ሰው ረሀብን እንደ ገዳይ መቁጠር ይከብደዋል፤ ስም ያለው መርዝ፣ የሚወቀስ ጠላት ይፈልጋል። ፊልሙን አይተው የሚሟገቱኝም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

«አውቶቡሱ አሁንም እዚያው ነው።» የለም። እሱን ሊያዩ የሄዱ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በ2010 ሌላዋ በ2019፣ በዚያው ወንዝ ሞተዋል። በጁን 2020 በሄሊኮፕተር ተነሥቶ ተወስዷል፤ አሁን ፌርባንክስ ባለው የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም እጅ ነው።

«ሰው ቀድሞ ቢደርስለት አንድ ጥሩ ገበታ ያድነው ነበር።» ለአደን የመጡ ሰዎች ያገኙት ሴፕቴምበር 6 ነው፣ ከሞተ ሁለት ሳምንት አልፎት። በሕይወት ቢያገኙትና ጠግቦ እስኪተው ቢያበሉት ግን እነሱው ሊገድሉት ይችሉ ነበር። በ1945 ከናዚ ካምፕ ከወጡት መካከል ወታደር የሰጣቸውን ምግብ በልተው የሞቱ በርካታ ሰዎች አሉ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት ደም ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታስየም ወደ ሴሎቹ ይጠፋና ልብ ይዛባል። እኛም ተኝቶ ለሚታከም ሕፃን መጀመሪያ የምንሰጠው ኤፍ 75 የተባለውን ቀለል ያለ ወተት ነው፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሌሊትም ጭምር። ስለዚህ ከበረሃ መንገድም ይሁን ከእስር ከስቶ የመጣ ዘመድ ካላችሁ የደስ ደስ ዶሮ ወጥ አታቅርቡለት። ቀጭን አጥሚት በሲኒ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና በሲኒ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ወደ ጤና ተቋም። «አልጠገብኩም» ብሎ ቢቆጣችሁም እንዳትሰሙት።