ጭሱን ፈርተው ጣታቸውን የሚልሱ፦ እርሳስ አቅልጦ አረር ስለ ማውጣት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከፈረንጆች ገና ማግስት ጀምሮ አጋዘን በባልጩት ጠመንጃ ብቻ የሚታደንበት ወቅት አለ። ባሩዱም አረሩም የሚገቡት በአፈሙዙ በኩል ነው። በዘንግ ይጠቀጠቃሉ፤ ቃታው ሲሳብ ባልጩቱ ብረት ይመታል፣ ፍንጣሪው ባሩዱን ያቀጣጥላል። ይህን ጠመንጃ የሚወዱ ሰዎች አረር ከሱቅ መግዛት አያቅታቸውም፤ ብዙዎቹ ግን እርሳስ አቅልጠው ራሳቸው ያወጡታል።

ጎረቤቴ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ። መጀመሪያ የጠራኝ ቀን ጭሱን ፈርቼ አፍንጫዬ ላይ መሀረብ አስሬ ሄድኩ። ስለ መሀረቡ ምንም አላለም። በእጄ የያዝኩትን የቡና ስኒ ግን ተቀበለኝና ከአጥሩ ማዶ ወስዶ አስቀመጠው። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስለዚህ ሥራ ለወገኖቼ ባወራሁ ቁጥር የሚነሱት አስተያየቶች አንድ ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹን ከጎረቤቴ ጋር ከመዋሌ በፊት እኔም አምንባቸው ነበር።

«በቤታቸው ጥይት ይሠራሉ»

ጥይት የምንለው ቀለሁ፣ ባሩዱና አረሩ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ከአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ቀለህ አያውቅም። በድስት ቀልጦ በፎርማ የሚወጣው አረሩ ብቻ ነው፤ ብቻውን የአሣ አጥማጅ መንጠቆ ላይ ከሚንጠለጠለው እርሳስ አይለይም። እግረ መንገዴን፣ የተማሪ እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፤ ጥቁሩ ነገር ግራፋይት የሚባል ካርቦን ነው። ስሙን ያሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ እንግሊዞችም እስከ ዛሬ በእርሳስ ስም ነው የሚጠሩት።

«የሚገድለው ጭሱ ነው»

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የሚፈላው ግን በ1,749 ዲግሪ ነው። አረር የሚወጣው ከ400 ዲግሪ ብዙ ባልራቀ ሙቀት ስለሆነ ከድስቱ የሚተነው እርሳስ እጅግ ጥቂት ነው። ዓይን የሚያየው ጭስ አብዛኛው ሰም፣ ዘይትና ቆሻሻ ሲቃጠል የሚወጣ ነው። በር ዘግቶ ይሠራ ማለቴ አይደለም። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ትነቱም ይጨምራል፣ ሥራውም የደጅ ሥራ ነው። ዋናው መግቢያ ግን አፍንጫ ሳይሆን አፍ ነው።

በቀለጠው እርሳስ ላይ ግራጫ አመድ ይሰፍራል። አመዱ በጭልፋ ተገፎ ወደ ጣሳ ሲራገፍ እንደ ጤፍ ዱቄት ይቦናል። ጣት ላይ፣ እጅጌ ላይ፣ የጫማ ሶል ላይ፣ የበር እጀታ ላይ ያርፋል። ከዚያ የሚቀረው ገበታ መቅረብ ነው። በእጁ ለሚበላ ሕዝብ ይህን ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ ጠመንጃ ያጎረሰ እጅ ሳይታጠብ ሰው አያጉርስ።

ጎረቤቴ እዚያ ግቢ ውስጥ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ሲጨርስ ወለሉን በመጥረጊያ አይጠርግም፤ አቧራው ይነሳልና በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፣ ጨርቁን ይጥላል። የሥራ ልብሱ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብም፣ ጫማው ደፍ አያልፍም። እርሳስ የቀለጠበት ድስት ወደ ወጥ ቤት ተመልሶ አያውቅም፤ የቱንም ያህል ቢፈተግ አይመለስም።

ነገሩ ክፉ የሚሆነው ሕመሙ ቶሎ ስለማይናገር ነው። ሰውዬው ደህና ነኝ ሲል ልጁ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 3.5 ማይክሮግራም እርሳስ የተገኘበትን ሕፃን ክትትል የሚያስፈልገው አድርጎ ይቆጥራል። ይህ ቁጥር ከዚያ በታች ያለው ምንም አይደለም ማለት አይደለም፤ ለሕፃን ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘም። መጠኑን የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው።

«ወተት ያረክሰዋል»

ይህን ያልሰማ ያገራችን ሰው የለም። ቀለም ቀቢው፣ በያጁ፣ ባትሪ ጠጋኙ ማምሻውን አንድ ብርጭቆ ወተት ከጠጣ የቀኑ መርዝ ተጠርጎ የወጣ ይመስለዋል። ሐሳቡ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም ጋር ያምታታል፤ ካልሲየም በበቂ የሚያገኝ አንጀት እርሳሱን በመጠኑ ያነሰ ይመጥጣል። አንዴ ደም ውስጥ የገባውን ግን ወተት አያወጣውም። እርሳሱ አጥንት ውስጥ ይከማቻል፣ እዚያም ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል።

ይልቅ ልብ የሚባለው ሌላ ነገር ነው፤ ባዶ ሆድ ከጠገበ ሆድ ብዙ እጥፍ እርሳስ ይመጥጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ይህን ሥራ ለፍስክ ቀን ቢያቆየው ጥሩ ነው።

«አረር ጠንካራ ሲሆን ይሻላል»

እኔ ራሴ በዚህ ተከራክሬ ተረትቻለሁ። ብረት ከእርሳስ ይጠነክራል፣ ጠንካራ ነገር ይበሳል፣ ስለዚህ እርሳሱም በጠነከረ ቁጥር ይሻላል የሚል ነበር ክርክሬ። ጎረቤቴ መልስ ሳይሰጠኝ አንድ አረር አቀበለኝና «በጥፍርህ ጫረው» አለኝ። ጫርኩት፤ ጥፍሬ ሰመጠ፣ የሚያብለጨልጭ መስመር ቀረ። «የሚጎርሰው ይህ ነው» አለኝ።

የእሱ ጠመንጃ የአፈሙዝ ስፋት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ድቡልቡሉ አረር ግን 12.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከንጹሕ እርሳስ ሲወጣ 11.4 ግራም ያህል ይመዝናል። አረሩ ከአፈሙዙ ያነሰ ነው ማለት ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ውፍረት ያለው፣ ቅባት የተቀባ የጥጥ ጨርቅ ነው። የአፈሙዙን ጠመዝማዛ ቦይ ነክሶ አረሩን የሚያሽከረክረው ይህ ጨርቅ ነው፤ እርሳሱ ራሱ ቦዩን አይነካም። ጨርቁ አፈሙዙን እንደለቀቀ ይወድቃል፤ ጎረቤቴ እየለቀመ ያየዋል። ተበስቶ ወይም ነድዶ ከተገኘ የሆነ ነገር ትክክል አይደለም።

ለሹል አረርማ ልስላሴ ሁሉም ነገር ነው። ድሮ ቦይ ያለው ጠመንጃ የተጠላበት ምክንያት አረሩ ጥብቅ ሆኖ በመዶሻ እየተመታ ይገባ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 ፈረንሳዊው መኮንን ክሎድ ኤቲየን ሚኒዬ ከአፈሙዙ ጠበብ ያለ፣ ከኋላው ባዶ ጉድጓድ ያለው ሹል አረር አቀረበ። ሲጎርስ ያለ ትግል ይወርዳል፤ ባሩዱ ሲፈነዳ ጋዙ ጉድጓዱን ከውስጥ ገፍቶ ቀሚሱን፣ ማለትም ጉድጓዱን የከበበውን ስስ ዙሪያ፣ ይከፍተዋል፣ እርሳሱም ቦዩን ይነክሳል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የ1861ዱ የስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ የሚተኩሰው የዚህን ዘር ነበር። እርሳሱ ከጠነከረ ቀሚሱ አይከፈትም፤ ጋዙ በጎን ያመልጣል፣ አረሩም ዓላማውን ይስታል።

ጀማሪን የሚያታልለው የድሮ የማተሚያ ቤት ፊደል ነው። ከመቶው 84 እጅ እርሳስ፣ 12 አንቲሞኒ የሚባል እርሳስን የሚያጠነክር ማዕድን፣ 4 ቆርቆሮ ነው። በፎርማ ሲወጣ ጠርዙ የተሳለ፣ ለዓይን የሚያምር ነው። ነገር ግን ከንጹሕ እርሳስ አራት እጥፍ ገደማ ይጠነክራል። በዚያ ላይ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተረው ያነሰ ስለሆነ አረሩ ተልቆ ይወጣል፣ አፈሙዙም አልጎርስም ይላል። ከላይ የጠቀስኩት ቆርቆሮ የጣራው ቆርቆሮ አይደለም፤ የጣራው ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ዚንክ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። የመኪና ጎማ ሚዛን ማስተካከያ ቁራጭ ድሮ እርሳስ ነበር፤ ዛሬ ከዚንክ የተሠራም አለ። ሳይለይ ድስት ውስጥ የገባ እንደሆነ ድስቱ በሙሉ እንደ ገንፎ ይሆናል።

«የሚያስፈራው ላዩ ላይ ጠብ የሚል ውሃ ነው»

ላዩ ላይ የወደቀ ጠብታ ብዙውን ጊዜ ጭሽ ብሎ ይጠፋል። መዓቱ ያለው እርሳሱ ሥር የሚገባው ውሃ ላይ ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚይዘው ቦታ 1,700 ጊዜ ያህል ይሰፋል፤ በላዩ ያለውን የቀለጠ ብረት ሁሉ ወደ ላይ ይተፋዋል። በጋራዥ ብርድ ውስጥ ያደረ የእርሳስ ጡብ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል፣ ጤዛ ግን ይዟል። ስለዚህ ጎረቤቴ አዲስ ቁራጭ ከመጨመሩ በፊት በድስቱ ጠርዝ ላይ አጋድሞ ያሞቀዋል፤ ምድጃ ዳር እንደተኛች ድመት። ከጥጥ የተሠራ እጅጌ፣ የቆዳ ጫማ፣ የዓይን መከለያ አይለየውም። የናይለን ልብስ ለብሼ የሄድኩ ቀን ከበር መለሰኝ።

«የተሸበሸበ አረር የወጣው እርሳሱ መጥፎ ስለሆነ ነው»

ፎርማው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ወይም አሥራ አምስት አረሮች ፎርማውን ለማሞቅ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይቀልጣሉ። ልክ ምጣዱ ሳይሰማ እንደሚጋገር የመጀመሪያው እንጀራ ነው።

«ከአሮጌ ባትሪ ብዙ እርሳስ ይገኛል»

ይገኛል፤ ግን አይነካም። ባትሪ ውስጥ ያለው አብዛኛው ንጹሕ እርሳስ ሳይሆን የእርሳስ ኦክሳይድና ሰልፌት ጭቃ ነው፣ ሰልፈሪክ አሲድ የጠጣ። ሳህኖቹ ውስጥ ካልሲየም፣ አንቲሞኒ፣ አንዳንዴም አርሴኒክ አለ፤ ሲቀልጥ የሚቀረው አመድ እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ከሴኔጋል ዋና ከተማ ከዳካር አጠገብ ባለችው ቲያሮይ ሱር ሜር ሠፈር፣ ነዋሪዎች የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ከአሸዋ እያበጠሩ ለገቢ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ። ለአረር ብሎ የነካው አልነበረም፤ አቧራው ግን ያው አቧራ ነው።

«በሣጥን የተቀመጠ አረር ላይ የሚታየው ነጭ ነገር አቧራ ነው»

የእርሳስ ዝገት ነው። የወይራ ሣጥን ያማረ ቢሆንም እንጨት፣ በተለይ የባሉጥ ዛፍ እንጨት፣ አሲድ ይተነፍሳል፤ አሲዱ እርሳሱን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። ሙዚየሞች የእርሳስ ቅርሳቸውን በእንጨት ቁም ሣጥን የማያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው። ዱቄቱ መርዝ ስለሆነ እፍ ተብሎ አይነሳም።

«ይህ የአንጥረኛ ሥራ ነው፣ የሴትና የልጅ አይደለም»

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 1776 የኒው ዮርክ ሕዝብ ቦውሊንግ ግሪን ላይ የቆመውን የእንግሊዙን ንጉሥ የጆርጅ ሦስተኛን ሐውልት በገመድ ጎትቶ ጣለው። ሐውልቱ በወርቅ የተለበጠ እርሳስ ነበር። ስብርባሪው ብዙው ኮኔቲከት ወደምትገኘው ሊችፊልድ ተጫነ፣ በኦሊቨር ዎልኮት ቤትም ቀልጦ 42,088 አረር ወጣው። ቁጥሩ የታወቀው እያንዳንዱ ያወጣው ተመዝግቦ ስለቀረ ነው። ሩት ማርቪን 11,592፣ ከዎልኮት ልጆች ሜሪ አን 10,790፣ ሎራ 8,378፤ ገና ሕፃን የነበረው ወንድማቸው ፍሬድሪክ 936። ያኔ የልጁን ደም የሚመረምር አልነበረም፣ ከሥራ በኋላ በምን እጁ እንደበላም የጻፈ የለም።

«አድዋ የተዋጋነው በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ነው»

መቅደላና አድዋ ተምታተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ይዘውት የነበረው ጠመንጃ አብዛኛው ከአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒዬር ወታደሮች የያዙት ስናድር ግን ከኋላው ይጎርሳል፤ የሚገርመው ስናድር ራሱ መጀመሪያ ከአፈሙዙ ይጎርስ የነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ ኋላው ተቆርጦ የተሻሻለ ነው። በ28 ዓመት ውስጥ ታሪኩ ተለወጠ። አድዋ ላይ በኢትዮጵያውያን እጅ የነበረው አብዛኛው ጠመንጃ ቀለህ ያለው ጥይት ከኋላው የሚጎርስ ነበር፤ ውጅግራም ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ነው።

«የድሮ መሣሪያ ስለሆነ ሕግ አያገባውም»

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከአፈሙዙ የሚጎርስ የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ በአብዛኛው ከዘመናዊው መሣሪያ ተለይቶ ይታያል። የክፍለ ግዛት ሕግ ግን የተለያየ ነው፣ የአደን ደንብ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ አገር ጉዳዩ ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለበት፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ አዲስ አበባ ጓሮ ውስጥ እሳት የሚያነድ እንዳይኖር።

ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየትኛውም የዱር እንስሳ አደን የእርሳስ አረር ከልክላለች፤ አንዱ ምክንያት አረሩ የቀረበትን ሬሳ እየበላ የሚመረዘው ግዙፉ የኮንዶር አሞራ ነው። ጎረቤቴ እዚያ የሚኖር ወንድም አለው። ለአደን ሊጠይቀው ሲሄድ ፎርማውንም ድስቱንም ቆልፎባቸው ይሄዳል፤ እርሳስን የሚተካውን፣ ቢስመዝ ከሚባል ብረት የተሠራውን አረር እዚያው ይገዛል፣ በውድነቱም ሲያጉረመርም ይመለሳል።