ተክለ ሃይማኖት የሚባሉት፦ አንድ ስም፣ ብዙ ሰዎች

ተክለ ሃይማኖት የሚለው ስም በኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። ጻድቅ አለ። ሁለት የጎንደር ነገሥታት አሉ። የጎጃም ንጉሥ አለ። ፓትርያርክ አለ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ከስድስት መቶ ዓመት በላይ አለ። ስማቸው አንድ በመሆኑ ግን የአንዱ ሥራ ለሌላው ሲሰጥ ይታያል። የጎጃሙን ንጉሥ ከጎንደር ነገሥታት ጋር የሚደባልቅ አለ። ፓትርያርኩንና ጻድቁን፣ ሁለቱም «አቡነ» ስለሚባሉ፣ የሚያምታታም አለ። እንዲህ ያለው መደባለቅ እያንዳንዱ የሠራውንና የደረሰበትን ነገር ስለሚያስረሳ፣ ለየብቻ ማወቁ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የሁሉም ስም ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ከጻድቁ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት። የሚገርመው ግን ከአምስቱ ሦስቱ በልጅነታቸው የሚጠሩት በሌላ ስም ነበር። ጻድቁ ራሳቸው ፍሥሐ ጽዮን ነበሩ። የጎጃሙ ንጉሥ አዳል፣ ፓትርያርኩ ደግሞ መላኩ ይባሉ ነበር። ስሙን ያገኙት ካደጉ በኋላ፣ አንዱ በጥሪ፣ አንዱ በዘውድ፣ አንዱ በመንበር ነው።

ጻድቁ የኖሩት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የተወለዱት በሸዋ፣ ጽላልሽ ኢቲሳ በተባለ ቦታ ነው። አባታቸው ካህኑ ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸው እግዚእ ኃረያ ይባላሉ። ገድላቸው እንደሚለው ፍሥሐ ጽዮን ወጣት ሳለ ለአደን ወጣ። እዚያ ቅዱስ ሚካኤል ተገለጠለት። ከእንግዲህ የምታድነው የሰው ነፍስ ነው፣ ስምህም ተክለ ሃይማኖት ይሁን ተባለ። ከዚያ በኋላ በሸዋና በዳሞት ዞረው አስተማሩ። የዳሞቱን ገዥ ሞተለሚን አሳምነው እንዳጠመቁም ገድሉ ይተርካል።

ትምህርታቸውን በሰሜን አጠናከሩ። በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥር ቆዩ። ወደ ደብረ ዳሞም ሄዱ። ደብረ ዳሞ ዙሪያው ገደል ነው፤ ዛሬም ወንዶች በጠፍር ተጎትተው ነው የሚወጡበት፣ ሴት አትገባም። የጻድቁ ስድስት ክንፍ ታሪክ የተያያዘው ከዚህ ገደል ጋር ነው። ሲወርዱ ሰይጣን ገመዱን በጠሰው፣ እርሳቸው ግን ስድስት ክንፍ ተሰጥቷቸው በሰላም ወረዱ ይላል ትውፊቱ።

ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦ በተባለው ቦታ ገዳም መሠረቱ። ይህ ገዳም በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ስሙ ተቀይሮ ደብረ ሊባኖስ ተባለ። በዋሻው ውስጥ ስምንት ጦር በዙሪያቸው ተክለው ቆመው ይጸልዩ ነበር። ወደ ፊትም ወደ ኋላም፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እንዳይደገፉ ነው ጦሩ። ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተቆረጠ፤ በቀረው እግር ቆመው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕላቸውን ያየ ሰው ወዲያው የሚለያቸው በዚህ ነው። ሽማግሌ መነኩሴ ክንፍ አውጥተው፣ እጃቸውን ለጸሎት ዘርግተው፣ በአንድ እግር ቆመዋል። የተቆረጠው እግር አጠገባቸው ይታያል። ጥር 24 ስባረ አጽማቸው፣ ታኅሣሥ 24 ልደታቸው፣ ነሐሴ 24 ዕረፍታቸው፣ ግንቦት 12 ደግሞ ፍልሰተ አጽማቸው ይከበራል።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ የሚያከራክር ነገር አለ። ብዙ ሰው የሰሎሞን ዘር በይኩኖ አምላክ በኩል ወደ ዙፋን የተመለሰው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማካይነት ነው ብሎ ያምናል። የሐይቅ ትውፊት ግን ይህን ሥራ ለኢየሱስ ሞዐ ይሰጣል። የታሪክ ሰዎችም በዚህ ነጥብ ወደ ሐይቅ ያደላሉ፤ ማስረጃውን ሲያዩት ማድላታቸው ተገቢ ነው። የጻድቁ ክብር ግን በቤተ መንግሥት ሥራ ላይ የቆመ አይደለም። ያቋቋሙት ገዳም ነው ክብራቸው። የደብረ ሊባኖስ አበምኔት እጨጌ ተብሎ የአገሪቱ መነኮሳት ሁሉ አለቃ ነበር። ጳጳሱ ከግብፅ በሚመጣበት በዚያ ረጅም ዘመን ከኢትዮጵያውያን ካህናት ትልቁ ሥልጣን የእጨጌው ነበር። በጎንደር ዘመን የእጨጌው መቀመጫ ወደ ጎንደር አካባቢ ተዛውሮ አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ትልቅ ደብር ሆነ። ግብፃውያንም ጻድቁን ያከብሯቸዋል፤ የዕረፍታቸውን በዓል ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይዘክራሉ፣ በእስክንድርያ ከተማም በስማቸው የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ደብረ ሊባኖስ ሲነሳ ግንቦት 1929 ሊታለፍ አይችልም። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያን ገዳሙን ከጠላት ወገን ቆጠረው። የፍልሰተ አጽም በዓል ሲደርስ መነኮሳቱም ምእመናኑም ተሰብስበው ነበር። በዚያ ሰሞን ሰዎቹ በካሚዮን እየተጫኑ ተወስደው ተረሸኑ። ጣሊያኖች ራሳቸው በቴሌግራም ያመኑት ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሞቱት ከሺህ በላይ እንደሆኑ ይናገራሉ።

ወደ ነገሥታቱ እንምጣ። ቀዳማዊ ተክለ ሃይማኖት የታላቁ ኢያሱ ልጅ ናቸው፤ እናታቸው መለኮታዊት ይባላሉ። አፄ ኢያሱ የሚወዷት ቅድስተ ክርስቶስ የምትባል ሴት ሞተችባቸው። ሐዘኑ በረታባቸውና መንግሥቱን ትተው ወደ ጣና ደሴት ገቡ። ይህን ጊዜ መለኮታዊት መኳንንቱን አግባብተው በ1698 ልጃቸውን አነገሡ። በ1699 መጀመሪያ ላይ ኢያሱ በመለኮታዊት ወገኖች እጅ ተገደሉ፤ ምጽራሃ ደሴት ላይ ተቀበሩ። ሕዝቡ በጣም አዘነ። ኢያሱ በቤተ ክርስቲያን እንደ ቅዱስ ሲዘከሩ፣ ልጃቸው ግን «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» የሚል ቅጽል ተረፋቸው። ይህን ያህል የተከበረ ስም እንዲህ ባለ ቅጽል ሲጠራ ማየት ይከብዳል። ዘመናቸውም አጭር ነበር፤ በ1700 የአባታቸው ወዳጆች ገደሏቸው። ዙፋኑን የወረሱት የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ናቸው። እርሳቸውም ሳይውሉ ሳያድሩ መለኮታዊትን በስቅላት ቀጡ።

ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት የመጡት ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የጎንደር መንግሥት ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ነው። የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገድለው ሽማግሌውን ዮሐንስን አነገሡ። ዮሐንስ ለጦርነት አልታዘዝም ሲሉ እርሳቸውም ጠፉ። በ1762 ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ ገደማ ዙፋኑ ላይ ተቀመጡ። ስለዚህ ልጅ ንጉሥ ብዙ የምናውቀው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በዚያው ዓመት ጎንደር ስለ ደረሰ ነው። ብሩስ በቤተ መንግሥቱ ተሹሞ፣ ከንጉሡ ጋር ዘምቶ፣ ያየውን ጻፈ። ሚካኤል ስሑል በ1763 ሰርባኩሳ ላይ ተሸነፉ። ንጉሡ ግን እስከ 1769 ዙፋናቸው ላይ ቆዩ። የዘመነ መሳፍንት ነገር እንዲህ ነው፤ ንጉሥ ይቀመጣል፣ የሚያዝዘው ሌላ ነው።

የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከሁለቱ የጎንደር ነገሥታት ጋር ተራ ቁጥር አይጋሩም። «ሣልሳዊ» ብሎ የሚጽፍ ካለ ተሳስቷል። እርሳቸው የአገር ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም። ራስ አዳል ተሰማ ይባሉ ነበር፤ የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ የልጅ ልጅ ናቸው። በጥር 1873 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ብለው ሲያነግሷቸው ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። መቀመጫቸው ቀድሞ መንቆረር የሚባለው ደብረ ማርቆስ ነበር። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ከተማው ውስጥ አለ።

ከፋን በማዕረግ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ መያዝ ሌላ። ከዓባይ ማዶ ያለውን አገር የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ነበር። የቡናው፣ የወርቁና የዝሆን ጥርሱ ንግድ ያለው በዚያ ነው። በ1874 ግንቦት መጨረሻ ሁለቱ ጦሮች እምባቦ ላይ ተገናኙ። የሸዋን ጦር ቀድመው ይመሩ የነበሩት ራስ ጎበና ዳጬ ነበሩ። ጎጃም ተሸነፈ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። አፄ ዮሐንስም ሳይፈቀድላቸው ተዋግተዋል ብለው የሁለቱንም ግዛት ቀነሱ። ደቡቡ ለሸዋ የተከፈተው በዚያ ቀን ነው ማለት ይቻላል። እምባቦ በትምህርት ቤት ከሚሰጠው ቦታ በላይ ሊሰጠው የሚገባ ውጊያ ነው።

መከራው በዚህ አላበቃም። በ1879 ንጉሡ መተማ ላይ የሱዳኑን መሐዲ ተከታዮች፣ ደርቡሾችን መቱ። በቀጣዩ ዓመት የደርቡሾች የጦር አዛዥ አቡ አንጃ ብዙ ጦር ይዞ መጣ። ጥር 1880 ደምቢያ ውስጥ ሣር ውኃ ላይ የጎጃም ጦር አለቀ፤ ከንጉሡ ቤተሰብ የተማረኩ ነበሩ። ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ጎጃሞች ንጉሠ ነገሥቱ ሳይደርሱልን ቀሩ አሉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ምኒልክ መላላክ ጀመሩ። ይህ የተሰማቸው አፄ ዮሐንስ ጎጃም ገብተው አገሩን አስዘረፉ። ድርቡሽ ከአንድ ወገን፣ የራስ ንጉሠ ነገሥት ከሌላ ወገን፤ ገበሬው የሚበላው አጣ። ብዙ ሳይቆይ ዮሐንስ ራሳቸው መጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ በኋላ በምኒልክ ሥር ገዙ፤ በ1888 ዓድዋ የጎጃምን ጦር ይዘው ዘመቱ። ያረፉት ጥር 1893 ነው። ይህን ዘመን ከጎጃም በኩል ማየት የፈለገ የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን ጽሑፍ ይፈልግ። አለቃ ተክሌ በእኚሁ ንጉሥ ቤት ያደጉ ጸሐፊና ሠዓሊ ናቸው።

አምስተኛው ሰው ንጉሥ አይደሉም። አባ መላኩ ወልደ ሚካኤል በወላይታ ሶዶ ለረጅም ዘመን የኖሩ ባሕታዊ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ይሠራሉ፣ ሕዝብ ያጠምቃሉ፣ ድሆችን ይረዳሉ። ደርግ በ1968 ሁለተኛውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበር አወረደ። በዚያው ዓመት እኚህ የገጠር መነኩሴ ሦስተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተመረጡና አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለችውም፤ ቴዎፍሎስ በሕይወት ሳሉ ሌላ ፓትርያርክ አይሾምም አለች። ቴዎፍሎስ በ1971 በሥውር ተገደሉ።

መንግሥት በቀላሉ የሚታዘዝ ሰው ያገኘ መስሎት ነበር ይባላል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ግን ኑሯቸውን አልቀየሩም። በመንበር ላይ ሆነውም የባሕታዊ ጾማቸውን ያዙ፤ በባዶ እግር ይሄዱ ነበር። በ1980 ሲያርፉ ሰውነታቸው በጾም ብዛት አልቆ እንደነበር ያዩአቸው ይናገራሉ። አሿሿማቸው ላይ የሚነሳው ክርክር ትክክለኛ ክርክር ነው። የኑሯቸው ቅንነት ግን በዚያ ክርክር ውስጥ መዋጥ የለበትም።

ሁለት ግጥምጥሞሽ እዚህ ላይ ይነሳል። በ1700 ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቀጥሎ ቴዎፍሎስ ነገሠ፤ በ1968 ከፓትርያርክ ቴዎፍሎስ ቀጥሎ ተክለ ሃይማኖት መጡ። ሁለተኛው ከማዕረጉ ነው። የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሙሉ ማዕረግ «እጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት» የሚለውን ይጨምራል። ስለዚህ የሦስተኛው ፓትርያርክ ስም ከነማዕረጉ ሲጠራ ተክለ ሃይማኖት ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንዴ ለእርሳቸው፣ አንዴ ለጻድቁ።

ሌሎችም አሉ። የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ የዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ደቀ መዝሙር ነበሩ፤ ስለ መምህራቸው ሕይወትም ጽፈዋል። በእኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት በመሆኑም ስሙ ከኋላ ይመጣል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት የጎጃሙ ንጉሥ ልጅ ናቸው፤ እስከ 1924 ጎጃምን ገዝተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ታሰሩ፣ በጣሊያን ጊዜ ደግሞ ከወራሪው ጋር አበሩ። ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ዳንኤል ተክለሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ2015 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ነጭ በቀይ ነጠብጣብ የሆነውን የተራራ ማሊያ ለበሰ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው እርሱ ነው። ያን ሰሞን ከአስመራ እስከ አውሮፓ ያሉ አበሾች ስሙን በኩራት ጠሩት።

ስሙ ዛሬም በየቤቱ አለ፤ ሲያሳጥሩት ተክሌ፣ ጻድቁን ሲጠሩ ደግሞ ተክልዬ ይሉታል። በየወሩ በ24 የሚወጣ የጽዋ ማኅበርም ብዙ ነው። አጻጻፉ ሲፈለግ ያስቸግራል። አንዱ «ተክለሃይማኖት» ብሎ ይገጥመዋል፣ ሌላው በ«ኃ» ይጽፈዋል፤ በፈረንጅ ፊደል ደግሞ ከነአካቴው ብዙ መልክ አለው። ሰነድ የሚያገላብጥ ሰው ስሙን በየአጻጻፉ ይሞክር፤ ከዚያ ዓመቱንና ማዕረጉን ይመልከት። «አቡነ» ካለ ጻድቁ ወይም ፓትርያርኩ ናቸው። «አፄ» ካለ ጎንደር ነው። «ንጉሥ» ብቻ ብሎ ጎጃምን ካነሳ አዳል ተሰማ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን «ተክለ ሃይማኖት ነኝ፣ ና» ብሎ የሚደውል ሰው የሚናገረው ከመርካቶ ብዙ ሳይርቅ በጻድቁ ቤተ ክርስቲያን ስም ስለሚጠራው ሰፈር ነው።