አዲስ የተገጣጠመ የቤት ኮምፒውተር አልነሳ ሲል

ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው ቤት ውስጥ የተገጣጠመ ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲከፈት አልነሳም ማለቱ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ጭራሽ ድምፅ አያሰማም፤ አንዳንዱ ማራገቢያዎቹ እየዞሩ ስክሪኑ ጨለማ እንደሆነ ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ ለአፍታ በርቶ ይጠፋና መልሶ ይበራል። ገጣጣሚው በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚጠረጥረው ዕቃው ተበላሽቶ መምጣቱን ነው። በአዲስ ማሽን ላይ ግን ጥፋቱ በአመዛኙ የሚገኘው እስከ መጨረሻው ባልገባ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ)፣ በተረሳ የኤሌክትሪክ ኬብል ወይም ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ገና በማያውቀው ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ላይ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመለወጥ በፊት ማሽኑ አነሳሱ ላይ የት እንደቆመ መለየት ይቀድማል።

የአነሳሱ ቅደም ተከተል

ዛሬ ቤት ውስጥ የሚገጣጠሙት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ የሚከተሉት ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ኤቲኤክስ የተባለ ስታንዳርድ ነው። በዚህ አሠራር ፓወር ሰፕላዩ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ከግድግዳው ሶኬት ጋር እንደተገናኘ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እያለም ቢሆን፣ ለማዘርቦርዱ አነስተኛ የ5 ቮልት ኤሌክትሪክ መላክ ይጀምራል። ማብሪያው ሲጫን ማዘርቦርዱ በዋናው ባለ 24 ፒን የኤሌክትሪክ ኬብል ውስጥ ያለችውን አንዲት የማስነሻ ሽቦ ከግራውንድ ጋር ያገናኛል፤ ፓወር ሰፕላዩም የ12፣ የ5 እና የ3.3 ቮልት መስመሮቹን ያስነሳል፤ መስመሮቹ ረግተው በተፈቀደው የ5 በመቶ ልዩነት ውስጥ ሲሆኑም ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ኤሌክትሪኩ ደህና መሆኑን የሚያበስር ምልክት ይሰጣል። ፕሮሰሰሩ ይህ ምልክት እስኪደርሰው ድረስ ታግዶ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ትእዛዞች ማዘርቦርዱ ላይ ከተቀመጠው ባዮስ ከተባለ የማስነሻ ፕሮግራም ያነባል፣ ራሙን ይፈትሻል፣ ምስል ወደ ስክሪኑ የሚልከውን ግራፊክስ ያስነሳል፣ ኪቦርድና ዲስክ ይፈልጋል፣ በመጨረሻም ሥራውን ለዊንዶውስ ወይም ለሊኑክስ ያስረክባል። ራስን የመፈተሹ ሂደት ፖስት ይባላል፤ አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው የግል ኮምፒውተር ላይም ነበር። ዘመናዊዎቹ ማዘርቦርዶች በቀድሞው ባዮስ ምትክ ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲሱን (በልማድ አሁንም ባዮስ የሚባለውን) ቢጠቀሙም ቅደም ተከተሉ በመሠረቱ አልተለወጠም።

ምንም ምልክት በማይታይበት ጊዜ

ማብሪያው ሲጫን አንድም መብራት ካልታየ ፕሮሰሰሩንም ሆነ ራሙን መጠርጠር ገና ነው። በመጀመሪያ የሚታዩት የግድግዳው ሶኬት፣ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ እና 24 ፒኑ ኬብል ናቸው። ኬብሉ መያዣው ቀጭ እስኪል ድረስ ካልገባ በዓይን ሲታይ የገባ መስሎ ላይገናኝ ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ከኬዙ (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ፊት ለፊት ከሚገኘው ማብሪያ የምትነሳው ቀጭን ሽቦ ናት። ይህች ሽቦ ማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ በሁለት ፒኖች ላይ የምትሰካ ሲሆን፣ ፒኖቹ በጣም የተጠጋጉ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ በማይገባት ቦታ ትገባለች። የመብራቶቹ ሽቦዎች ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሲኖራቸው የማብሪያዋ ግን በየትኛውም አቅጣጫ ብትሰካ ትሠራለች። ጥፋቱ ከማብሪያው መሆኑን ለማወቅ ሽቦዋን ነቅሎ ሁለቱን ፒኖች በካቻቪቴ ጫፍ ለአፍታ ማነካካት ይቻላል፤ ማሽኑ በዚህ ከተነሳ ችግሩ ያለው ከኬዙ በኩል ነው።

አሮጌ ወይም ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ከጀርባቸው 115 እና 230 የተጻፈባት መቀያየሪያ አላቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራበት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ የአሜሪካው ደግሞ 120 ቮልት በመሆኑ፣ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ እንዲህ ያለ ዕቃ መቀያየሪያው 115 ላይ እንዳለ አዲስ አበባ ውስጥ ከተሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበሉ የተጻፈባቸው አዳዲሶቹ ይህ ስጋት የለባቸውም። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ፈትቶ መመርመር ግን ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ነው፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከፍተኛ ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ሌላም ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ኬብሎቹ ከሁለቱም በኩል በሚነቀሉ ፓወር ሰፕላዮች ላይ፣ በፓወር ሰፕላዩ ወገን ያለው የፒን አደራደር ስታንዳርድ ስለሌለው የአንዱን ኩባንያ ኬብል በሌላው ላይ መሰካት ዲስክንም ማዘርቦርድንም ሊያቃጥል ይችላል፤ ኬብሉ ልክ ሆኖ መግባቱ ለመግጠሙ ማረጋገጫ አይደለም።

ማሽኑ በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ከሚጠረጠሩት ቀዳሚው ኮንታክት ነው። ማዘርቦርዱ ከኬዙ ብረት የሚርቀው በትንንሽ የናስ እግሮች ሲሆን፣ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ጋር በማይገጥም ቦታ ላይ የቀረ አንድ እግር፣ ወይም ከማዘርቦርዱ ሥር የወደቀ አንድ ቪቴ፣ ኤሌክትሪኩን ከኬዙ ጋር ያገናኘዋል። ፓወር ሰፕላዩም ራሱን ለመከላከል ይዘጋል።

ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ሲጨልም

ገጣጣሚዎችን በብዛት የሚያንገላታው ይህኛው ነው። የማራገቢያዎቹ መዞር የሚያረጋግጠው የ12 ቮልቱ መስመር መኖሩን ብቻ ነው እንጂ ፕሮሰሰሩ ሥራ መጀመሩን አይደለም። ፕሮሰሰሩ የራሱ የ12 ቮልት ኬብል አለው፤ ይህም ከማዘርቦርዱ ላይኛው ጥግ የሚገባው ባለ 8 ፒን፣ ብዙ ጊዜ 4 እና 4 ሆኖ የሚከፈለው ኬብል ነው። ይህ ከተረሳ ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ መብራቶቹም ይበራሉ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይመጣም። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆነው ባለ 6 እና 2 ፒን ኬብል ስለሚመስለውም አንዱ በሌላው ቦታ በግድ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ራም ይመጣል። ራም ከሚጠበቀው በላይ ጠንከር ተደርጎ መጫን ስለሚፈልግ፣ ብዙ ጀማሪ እሰብረዋለሁ ብሎ በመፍራት ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል። አራት ማስገቢያ ባላቸው ማዘርቦርዶች ላይ ሁለት ራም የሚገባው በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ነው። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የተባሉት የራም ትውልዶች ሁለቱም 288 ፒን ቢኖራቸውም ቁርጣቸው የሚገኝበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። ዲዲአር5 የገባበት ማሽን፣ በተለይም የፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ ኤኤም5 የተባለው የፕሮሰሰር ሶኬት (ማስቀመጫ) ያለው ማዘርቦርድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ራሙን ለማስተካከል ብዙ ደቂቃዎች ጨለማ ስክሪን ይዞ ሊቆይ፣ በመሃልም ራሱን አጥፍቶ ሊያስነሳ ይችላል። ትዕግሥት ያጣ ገጣጣሚ በዚህ መሃል ኤሌክትሪኩን ሲያቋርጥ ሂደቱ ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ደህናው ማሽንም የተበላሸ ይመስለዋል።

አዳዲስ ማዘርቦርዶች ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለማስነሻ ዲስክ አንዳንድ ትንንሽ መብራት ስላላቸው ምርመራው ቀልሏል፤ ሳይጠፋ የቀረው መብራት ሂደቱ የቆመበትን ደረጃ ያሳያል። መብራት የሌላቸው በድምፅ ይናገራሉ፤ ትንሿ ድምፅ ማጉያ ግን ዛሬ ከኬዙ ጋር አብራ ላትመጣ ትችላለች። ድምፁ ደግሞ ከባዮስ ባዮስ ይለያያል፤ በአዋርድ ባዮስ ላይ አንድ አጭር ድምፅ ሁሉም ደህና መሆኑን ሲያመለክት፣ በቀድሞው የኤኤምአይ ባዮስ ግን የራም ችግር ምልክት ነበር። ስለዚህ የማዘርቦርዱን መጽሐፍ ሳያዩ መተርጎም አይገባም።

የስክሪኑ ኬብል የተሰካበት ቦታም ቀላል የሚመስል ወጥመድ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር ስሙ ኤፍ በሚል ፊደል ካለቀ የውስጥ ግራፊክስ የለውም፤ እንደ ራይዘን 5 5600ኤክስ ያሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮችም እንዲሁ። በእነዚህ ላይ ኬብሉ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ሳይሆን ከግራፊክስ ካርዱ መሰካት አለበት።

ሁሉም በቦታው ሆኖ የፕሮሰሰሩ መብራት አልጠፋ ሲል የባዮሱ ዕድሜ መታየት አለበት። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከኤኤም5 በፊት የነበረው የኤኤምዲ ኤኤም4 የፕሮሰሰር ሶኬት ነው። ሶኬቱ ለብዙ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ያገለገለ በመሆኑ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ቢ450 ማዘርቦርድ በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. የወጣውን ራይዘን 5000 ሶኬቱ ላይ ቢቀበልም ባዮሱ ሳይታደስ አያስነሳውም። ኤኤምዲ በ2018 ተመሳሳይ ችግር ለገጠማቸው ደንበኞች ባዮሱን እስኪያድሱ ድረስ አሮጌ ፕሮሰሰር ያውስ ነበር። በኢንቴልም በኩል ለ12ኛው ትውልድ የወጡ ማዘርቦርዶች 13ኛውን ለመቀበል እድሳት ይፈልጋሉ። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ያለ ፕሮሰሰርና ያለ ራም በፍላሽ ብቻ የሚታደሱበት ልዩ ማስገቢያ ስላላቸው ሲገዙ ይህንን ማየቱ ከብዙ ጣጣ ያድናል። በእድሳቱ መሃል ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ሊሞት ስለሚችል መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ግድ ነው።

ከኬዝ ውጭ መሞከር

ጥፋቱ አሁንም ካልታወቀ ማዘርቦርዱ ከኬዙ ወጥቶ በራሱ ካርቶን ላይ ይቀመጥና ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም እና ፓወር ሰፕላይ ብቻ ይቀርለታል፤ የውስጥ ግራፊክስ ከሌለው ካርዱ ይጨመራል። በዚህ ከተነሳ የቀሩት አንድ በአንድ ይመለሳሉ። እንደ እኔ ግምት ይህ ሙከራ ኬዝ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቢደረግ የተሻለ ነበር፤ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድም በኋላ ሁሉንም መፍታትን ያስቀራል። የባዮሱን ቅንብር ወደ መጀመሪያው መመለስም እዚሁ ላይ ይሞከራል፤ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ክቧ የ3 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ደቂቃዎች ትወጣለች።

ፕሮሰሰሩ ሲወጣ የሶኬቱ ፒኖች በደማቅ ብርሃን ይታያሉ። በኢንቴል ሶኬቶችና በኤኤም5 ላይ ፒኖቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ሲሆን በኤኤም4 ግን ከፕሮሰሰሩ ሥር ናቸው። አንድ የተጣመመ ፒን አንዱን የራም መስመር ብቻ ሊያጠፋ ይችላል፤ ማቀዝቀዣው ባልተስተካከለ ሁኔታ ሲጠብቅም ተመሳሳይ ምልክት ይታያል።

ከፖስት ያለፈ ማሽን

ባዮሱ ተከፍቶ ዊንዶውስ ካልመጣ ጉዳዩ በአብዛኛው የዲስክ ነው። ኤም.2 የሚባለው የዲስክ ማስገቢያ ኤንቪኤምኢ የተባለውን ፈጣን የዲስክ ዓይነት ብቻ ተቀብሎ የቀድሞውን ሳታ ዓይነት ላያውቅ ይችላል፤ በአንዳንድ ማዘርቦርዶችም ኤም.2 ሲያዝ ከሳታ ማስገቢያዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘጋሉ። ከአሮጌ ኮምፒውተር የመጣና ኤምቢአር በተባለው በቀድሞው አከፋፈል የተከፋፈለ ዲስክ፣ ለአሮጌ ሲስተም የተተወው የባዮስ አማራጭ ካልተከፈተ አይነሳም። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዩኢኤፍአይንና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ሁለቱም በባዮሱ ውስጥ መከፈታቸው ይታያል።

ማሽኑ ተነስቶ ከሠራ በኋላ አልረጋ ማለት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ የራሙ ፍጥነት ሲጨመር ነው። 6000 የተጻፈበት ዲዲአር5 ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሳው በ4800 ሲሆን፣ የተጻፈው ፍጥነት የሚመጣው በባዮሱ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የተባለው የራም ፍጥነት ቅንብር ሲከፈት ነው። ይህ ተደርጎ ማሽኑ አልነሳም ካለ ቅንብሩን መልሶ ባዮሱን ማደስ፣ ካልሆነም ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይሞከራል፤ በመጀመሪያው ፍጥነቱም እያለ ሜምቴስት በተባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሲፈተሽ ስሕተት የሚያሳይ ራም ግን ዋስትናው ሳያልፍ ለሻጩ ይመለሳል።