አኳሪየም «ሳይክል ማድረግ» ማለት ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ቤታዬ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ቤታ በአኳሪየም፣ ማለትም በመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ የሚረባ ትንሽ ዓሣ ነው። የእኔው ሰማያዊ ወንድ ነበር፣ የጅራቱ ጫፍ ወደ ቀይ የሚያደላ። ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ያመጣሁት በፕላስቲክ ከረጢት ነው፤ እንዳይበርደው ጃኬቴ ውስጥ ይዤው። መንገዱን ቻለው። ያልቻለው እኔ ያዘጋጀሁለትን ንጹህ ውሃ ነው።

ንጹህ ስል የምር ንጹህ ነበር። መስታወቱ ያብረቀርቃል። ጠጠሩን ደጋግሜ አጥቤዋለሁ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በየሁለት ቀኑ እያወጣሁ ቧንቧ ስር ውሃው እስኪጠራ ድረስ እጨምቀዋለሁ። በስድስተኛው ቀን ምግብ እምቢ አለ። ክንፎቹን ሰብስቦ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል፣ ተመልሶ ይወርዳል። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጠጠሩ ላይ በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት። ውሃው ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ጥርት ያለ ነበር።

እናቴ ያን ሰዓት የጤፍ ሊጥ እያቦካች ነበር። ስለ ስፖንጁ ስነግራት እጇን ከቡሃቃው ሳታወጣ «እርሾውን በየሁለት ቀኑ እየደፋህ ምኑ ይቦካልሃል ልጄ?» አለችኝ። እናቴ ዓሣ አርብታ አታውቅም። ነገሩ ግን ይኸው ነበር።

አኳሪየም ሳይክል ማድረግ ማለት አዲስ ውሃን እርሾ ማስያዝ ማለት ነው። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች «ሳይክል ሆኗል?» ብለው ሲጠያየቁ የሚያወሩት ስለ ናይትሮጅን ዑደት ነው። እርሾው በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ በሌሉበት አኳሪየም ውስጥ ዓሣው የሚኖረው በራሱ ቆሻሻ ውስጥ ነው።

ዓሣ ቀኑን ሙሉ አሞኒያ ያወጣል። አብዛኛው የሚወጣው በስንጥቡ፣ ማለትም በመተንፈሻው በኩል ነው። ተርፎ ጠጠር ውስጥ የሚበሰብስ ምግብም አሞኒያ ይሆናል። በወንዝና በሐይቅ ውስጥ ይህ ብዙ ውሃ ውስጥ ይሰራጫል፣ የሚበላውም አለ። አንድ ጀሪካን በምታህል መስታወት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ይጠራቀምና ስንጥቡን ያቃጥላል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ይመጣሉ። አሞኒያውን በልተው ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይቀይሩታል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ይይዝበታል፤ ደሙ ራሱ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ከዚያ ሁለተኛዎቹ ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬት ካልበዛ በስተቀር ብዙም አይጎዳም። በየሳምንቱ ከውሃው ትንሽ ስትቀይሩ ይወጣል፣ የውሃ ተክልም ይመገበዋል። በአጭሩ መንገዱ ይህ ነው፦ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬት። ሁለቱ ገዳይ፣ ሦስተኛው የሚቻል።

እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያሳደጋቸው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1890። እሱ ግን ያጠና የነበረው አፈርን ነው። በጨው አልባ አኳሪየም ውስጥ ሁለተኛውን ሥራ በዋናነት የሚሠሩት ናይትሮስፓይራ የሚባሉት እንደሆኑ የታየው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ መመሪያዎች ሌላ ስም ቢጠሩ አይግረማችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የት እንደሚኖሩ ባለማወቅ ነው። ባክቴሪያዎቹ በብዛት ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፉ አይኖሩም። ጠንካራ ነገር ላይ ይለጠፋሉ፦ ስፖንጁ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ የተክሉ ቅጠል ላይ። ስለዚህ ከሌላ አኳሪየም አሮጌ ውሃ ቀድቶ ማምጣት ብዙም አይረዳም። የቆሸሸ የሚመስለው ቡናማ ስፖንጅ ነው ሀብቱ። እኔ እሱን ነበር ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ በየሁለት ቀኑ የማጥበው። የክሎሪን ሥራው ባክቴሪያ መግደል ነው። ስፖንጅ የሚታጠበው ከራሱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ነው፣ ያውም ቀስ ብሎ፣ ሲደፈን ብቻ።

ሌላው ጉዳይ ፍጥነታቸው ነው። ወተት የሚያረጉት ባክቴሪያዎች በሰዓታት ውስጥ ይበዛሉ። እነዚህ ግን እጥፍ ለመሆን ብቻ አንድ ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አዲስ አኳሪየም ሳይክል እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ውሃው ከቀዘቀዘ ይረዝማል።

ቤታን በተመለከተ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ቤታ ከስንጥቡ በተጨማሪ ከውሃው በላይ ያለውን አየር በቀጥታ የሚተነፍስበት አካል ራሱ ውስጥ አለው። ለዚህ ነው በብርጭቆ ውስጥ ሲሸጥ የምታዩት። «ይህ ዓሣ ምንም አይፈልግም፣ ማጣሪያም አያስፈልገው» ይባላል። አየር መጉረሱ ኦክስጅን ካነሰው ውሃ ያድነዋል፤ እውነት ነው። ከአሞኒያ ግን አያድነውም፣ ስንጥቡ ያው ውሃው ውስጥ ነው። ከናይትራይትም አያድነውም። ደሙ ኦክስጅን መሸከም ካልቻለ የፈለገውን ያህል አየር ቢጎርስ ምን ያደርግለታል? የእኔው ቤታ በመጨረሻዎቹ ቀናት ያደርግ የነበረው ይህንኑ ይመስለኛል። ያን ጊዜ አየር ሲጎርስ እያየሁ «ደህና ነው፣ እየተነፈሰ ነው» ብዬ ነበር።

የትውልድ ቦታውም ትንሽ ኩሬ እንደሆነ በስህተት ይነገራል። ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ ዓሣ ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋ ሰይማዋለች። የሚኖረው በሩዝ ማሳና ረግረግ ላይ ነው፣ ጥልቀቱ ትንሽ ቢሆንም ስፋቱ ሰፊ በሆነ ውሃ ውስጥ። ጭቃው፣ ሥሩ፣ ቅጠሉ ሁሉ ባክቴሪያ የለበሰ ነው። እዚያ ውሃው እርሾውን ከያዘ ቆይቷል።

እንግዲህ አሁን የምጀምር ቢሆን እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ዓሣውን አልገዛም። ቢያንስ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚይዝ አኳሪየም አዘጋጃለሁ። ከዚያ ካነሰ መርዙ ቶሎ ይጠራቀማል፣ ሙቀቱም ቶሎ ይለዋወጣል። (እግረ መንገዴን፦ 20 ሊትር ውሃ ብቻውን 20 ኪሎ ነው። የጅማን በርጩማ ብወደውም አኳሪየም አላስቀምጥበትም፣ ጠንካራና ሰፊ ጠረጴዛ ይሻላል።) ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ይሁን። ርካሽ ነው፣ የቤታን ረጅም ክንፍ የሚያንገላታ ኃይለኛ ሞገድ አይፈጥርም፣ ለባክቴሪያዎቹም ጥሩ ቤት ነው።

ውሃውን በባልዲ ከፍቼ 24 ሰዓት አሳድረዋለሁ፣ ክሎሪኑ ይተናል። ክሎራሚን (ከክሎሪንና ከአሞኒያ የሚሠራ የውሃ ማከሚያ) ከተጨመረበት ግን በማሳደር አይወጣም፣ ማስወገጃ ጠብታ ያስፈልገዋል። ለመጠጥ ብላችሁ ውሃ አጋር የጨመራችሁበትን ውሃ ደግሞ ፈጽሞ አትጠቀሙ።

ጠጠር ከየትም ከመጣ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው፣ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን፤ ከፍ ሲል አሲዱ ያንሳል) ይጨምራል። ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ያው አሞኒያ የበለጠ መርዛማ ይሆናል። ከአዌቱ ግን ጠጠርም ውሃም አልወስድም። ወንዙ ከተማችንን ሲያቋርጥ ብዙ ቆሻሻ ይቀላቀልበታል።

ከዚያ በየቀኑ ለአንድ ዓሣ የሚበቃ ቁንጥር ምግብ ባዶው ውሃ ውስጥ ጣል ማድረግ ነው። ዓሣ የለም፣ ምግብ ግን አለ። ይበሰብስና አሞኒያ ይሆናል፣ ባክቴሪያዎቹም የሚበሉት ያገኛሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃው እንደ አጓት ነጣ ሊል ይችላል። አትደንግጡ፣ አትድፉትም። ይህ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ነው፣ በራሱ ይጠራል።

አለቀ ወይስ አላለቀ የሚለውን በዓይንም በአፍንጫም ማወቅ አይቻልም። ዓሣ የሚገድል አሞኒያ ያለበት ውሃ ጥርት ያለና ሽታ የሌለው ሊሆን ይችላል። የውሃ መመርመሪያ ያስፈልጋል፣ በተለይ በጠብታ የሚሠራው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ ከምግቡ በፊት እሱን አስመጡ። መጀመሪያ አሞኒያ ከፍ ይላል። ቀጥሎ እሱ ሲወርድ ናይትራይት ይወጣል። በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ይታያል። ምግብ እየጨመራችሁም ለተከታታይ ቀናት ሁለቱ ዜሮ ላይ ከቆዩ ሳይክል ሆኗል። ዓሣው ያኔ ይምጣ። ከረጢቱን ሳትፈቱ ውሃው ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ አንሳፍፉት፣ ሙቀቱን እንዲለምደው።

ዓሣው ቀድሞ ቤት ገብቶ ከሆነስ? የብዙ ሰው ጥያቄ ይህ ነው፣ የእኔም ነበር። እርሾው እስኪይዝ ድረስ የባክቴሪያውን ሥራ በእጃችሁ ትሠራላችሁ። በየቀኑ ሩቡን ውሃ መቀየር። ከ20 ሊትሩ 5 ሊትር መሆኑ ነው፣ በባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁለት ተኩል። የምትጨምሩት ውሃ ያደረና ሙቀቱ ተመሳሳይ ይሁን። ምግብ ቀንሱ፦ በቀን ሁለት ፍሬ ይበቃል፣ አንዳንድ ቀንም መዝለል ይቻላል። የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ አይስጡት፣ ቤታ ነፍሳት በል ነው፣ ፍርፋሪው ደግሞ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። መመርመሪያው አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከ0.25 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ካሳየ በዚያው ቀን ደግማችሁ ቀይሩ። አድካሚ ነው። ግን ይሠራል።

አንድ ልማድ ግን በጣም ያሳስበኛል። ዓሣው ሲደክም የሰው አንቲባዮቲክ ካፕሱል ከፍቶ ውሃው ውስጥ መበተን። በአዲስ አኳሪየም ውስጥ ከበሽታ በፊት የሚጠረጠረው ውሃው ነው። አንቲባዮቲኩ ደግሞ ገና መያዝ የጀመረውን እርሾ ሊያጠፋው ይችላል።

ጅማ ለቤታ ከባድ የሚሆነው ሌሊት ነው። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቀን ሞቃት ነው፣ በተለይ በኅዳርና ታኅሣሥ ግን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቤታ የሚመቸው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው፣ ባክቴሪያዎቹም ሙቀት ይወዳሉ። ለ20 ሊትር 50 ዋት ማሞቂያ በቂ ነው። መብራት ሲሄድ እኔ መስታወቱን በጋቢ እጠቀልላለሁ፣ ከላይ ግን አየር እንዲገባ ክፍት እተዋለሁ። የፓምፑ መቆም ቤታውን ቶሎ አይጎዳውም። ባክቴሪያዎቹ ግን ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ስፖንጁ ክፍት ውሃ ውስጥ ስለሆነ ጥቂት ሰዓት ይታገሳሉ፣ መብራቱ ሳይመጣ ከቆየ በኩባያ ውሃ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስሳለሁ።

ዝናባችንም አንድ ነገር አለው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት ከተማ ውስጥ የቆርቆሮ ውሃ መጠቀም ያጓጓል፣ ክሎሪን የለበትማ። ነገር ግን ማዕድንም የለበትም። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ በውሃው ውስጥ ያለውን ካርቦኔት ይጨርሳሉ። የዝናብ ውሃ ደግሞ መጀመሪያውንም የለውም። ፒኤቹ ይወርድና ሥራቸው ይቀዘቅዛል፣ ከ6 በታች ሲሆን ሊቆም ይደርሳል። ሳይክሉ «እምቢ» ያለባችሁ ከሆነ ውሃውን ከየት እንደቀዳችሁ አስቡ።

መቼም አዲስ ቡሃቃ የገዛ ሰው ዱቄቱ በራሱ እስኪቦካ አይጠብቅም፣ ከጎረቤት እርሾ ይዋሳል። እዚህም አቋራጩ መንገድ ይኸው ነው። ዓሦቹ ጤነኛ ከሆኑና ወራት ካስቆጠረ አኳሪየም ላይ የስፖንጅ ቁራጭ ማግኘት ሳምንታትን ያሳጥራል። የሁለተኛው ቤታዬ ውሃ እንዲህ ነው የያዘው፣ አሁን ዓመት አልፎታል። ባለፈው ወር አንድ ጎረቤቴ አኳሪየም ሊጀምር ነው ብሎ መጣ። ስፖንጄን በመቀስ ለሁለት ከፈልኩት። ቡናማ ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰ። ግማሹን ከዚያው ከአኳሪየሙ ውሃ ጋር አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ አድርጌ ሰጠሁትና እንዳይደርቅ፣ ቧንቧ ስርም እንዳያስገባው ነገርኩት። የእኔም እርሾ በግማሽ ስለቀነሰ ለአንድ ሳምንት የቤታዬን ምግብ ቀንሼ ቆየሁ።