እኩልታው ላሜራውን አያውቀውም፦ ስለ ፖሊኖሚያል ወርድ ፕሮብሌም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፖሊኖሚያል ፈንክሽን፣ ማለትም ያልታወቀው ቁጥር፣ ካሬው፣ ኪዩቡና የመሳሰሉት በቁጥር እየተባዙ የሚደመሩበት ቀመር፣ 10ኛ ክፍል ላይ ይመጣል። ማካፈሉን፣ ፋክተር ማድረጉን (ወደ ብዜት መበተኑን)፣ ግራፍ መሳሉን ብዙ ተማሪ ይለምደዋል። ጥያቄው ታሪክ ሆኖ፣ ማለትም ወርድ ፕሮብሌም ሆኖ ሲመጣ ግን ነገር ይበላሻል። የእህቴን ልጅ ሳስጠና ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። የሚጥላት ስሌቱ አይደለም። ስለ ጥያቄው አስቀድማ ያመነችው ነገር ነው።

«ቁልፍ ቃሉን ፈልግ፣ ከዚያ ደምር ወይም ቀንስ»

ይቺ ዘዴ ከታች ክፍል ጀምራ ትከተለናለች። «ይበልጣል» ካለ ደምር፣ «ያንሳል» ካለ ቀንስ። እስቲ ይህን እዩት፦ አልማዝ 12 ብር አላት፤ ይህም ካሳ ካለው በ5 ብር ያንሳል። ካሳ ስንት አለው? 17። ቃሉ «ያንሳል» ነው፣ የሠራነው መደመር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ወጥመዱ ይብሳል። ተማሪው የገባችውን አንድ ቃል ይዞ ይሮጣል። እኔ መጀመሪያ ታሪኩን በአማርኛ እንድትነግረኝ ነው የማደርገው። መናገር ካቃታት እኩልታውንም አትጽፈውም።

«ትክክለኛ መልስ አንድ ነው፤ ኔጋቲቩን ጣልና ጨርስ»

እዚህ ላይ ቆየት እንበል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ከሆነ ላሜራ ሲቆረጥና ሲታጠፍ አይታችኋል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ አለን እንበል። ከአራቱም ማዕዘን እኩል ካሬ ቆርጠን እናወጣለን። ጎኖቹን ወደ ላይ እናጥፋለን። ክዳን የሌለው ዕቃ ይወጣናል። 12.5 ሊትር እንዲይዝ ስንት ሴንቲ እንቁረጥ?

የሚቆረጠውን ቀ እንበለው፤ ክፍል ውስጥ ኤክስ የምትሉት ነው። እያንዳንዱ ጎን በሁለት በኩል ስለሚቆረጥ መቀመጫው 60 − 2ቀ ይሆናል። ከፍታው ራሱ ቀ ነው።

ይዘት = ቀ × (60 − 2ቀ)²

ተባዝቶ ሲዘረዘር ትልቁ ቀ³ ስለሚሆን ሦስተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል ማለት ነው። 12.5 ሊትር 12,500 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከእሱ ጋር እኩል አድርገን እንፈታለን። ሦስት መልስ ይወጣል፦ 5፣ ወደ 16.04 እና ወደ 38.96። ኔጋቲቭ የሚባል የለም። ታዲያ ምኑን እንጣል?

5 ሴንቲ ከቆረጥን መቀመጫው 50 በ50 ይሆናል፤ ሰፊ ትሪ የመሰለ ነገር። 16 ሴንቲ ገደማ ከቆረጥን መቀመጫው 28 በ28 ገደማ፣ ጠለቅ ያለ ዕቃ ይሆናል። ሁለቱም እኩል 12.5 ሊትር ይይዛሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ምርጫው የደንበኛው ነው።

38.96 ግን ጉድ ነው። 60 ሴንቲ ካለው ጎን ላይ 39 ሴንቲ ገደማ ሁለት ጊዜ ቁረጥ ይለናል። ከየት አምጥተን? መቀመጫው ኔጋቲቭ 18 ገደማ ይሆናል። በራሱ ሲባዛ ደግሞ ፖዘቲቭ ሆኖ ይደበቃል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የማይነቃበት። እኩልታው አልዋሸም፣ ላሜራውን አያውቀውም እንጂ። ቀ ከ0 እስከ 30 ብቻ መሆን እንዳለበት የምንጽፈው እኛ ነን። ከመፍታታችን በፊት ብንጽፈው ደግሞ ይሻላል።

«ፋክተር ካልሆነ መልስ የለውም»

የፈተና ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቁጥር እንዲወጣ ተለክቶ የተሰፋ ነው። እኔም ከላይ 5ን ያወጣሁት በዚሁ መንገድ ነው። ደንበኛው 15 ሊትር ቢልስ? 7 ሞክሩ፦ 14,812። 8 ሞክሩ፦ 15,488። ስለዚህ አንዱ መልስ መሃላቸው ነው። 7.2 ወደ 14,971 ይሰጣል፣ 7.3 ወደ 15,046። ሚሊ ሜትር ላይ ደረስን፤ የላሜራ መቀስ ከዚህ በላይ አይለይም። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ኖርዌያዊው ኒልስ አቤል እ.ኤ.አ. በ1824 እንዳረጋገጠው፣ ከአምስተኛ ዲግሪ ጀምሮ ሁሉንም እኩልታ በሥር ምልክት የሚፈታ አጠቃላይ ቀመር የለም። ኮምፒውተርም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ እየተጠጋጋ ነው የሚሠራው።

20 ሊትር ካለ ግን ይቅርታ ነው። ከዚህ ላሜራ የሚገኘው ትልቁ ይዘት 16 ሊትር ነው፤ እሱም 10 ሴንቲ ሲቆረጥ።

«ዲግሪው ከፍ ባለ ቁጥር ትንበያው ይሻላል»

ግራፍ ላይ አግድም ቦታቸው የተለያየ የትኛውንም 5 ነጥቦች፣ አራተኛ ወይም ከዚያ በታች ዲግሪ ባለው ፖሊኖሚያል ማገናኘት ይቻላል። ሁልጊዜ የሚቻል ነገር ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ጀርመናዊው ካርል ሩንጌ እ.ኤ.አ. በ1901 እንዳሳየው፣ ነጥቦቹ እኩል ተራርቀው ሲቀመጡ ዲግሪ መጨመር በነጥቦቹ መሃል ስህተቱን ጭራሽ ሊያብሰው ይችላል። ከነጥቦቹ ክልል ከወጣንማ አንደኛ ዲግሪም ያሳስታል። በ5 ዓመቱ 110 ሴንቲ የሆነ ልጅ በዓመት 6 ሴንቲ ያድጋል ብላችሁ መስመሩን ቀጥሉበት። 40 ዓመቱ ላይ 3 ሜትር ከ20 ይሆናል።

«ከክፍል ውጭ ማን ይፈልገዋል?»

መኪና ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት በአራት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። ያ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ለእኔ ግን ደስ የሚለኝ ሌላው ነው። የፈረንሳይ መኪና ሠሪዎች፣ ፖል ደ ካስተልጆ በሲትሮኤን፣ ፒየር ቤዚዬ በሬኖ፣ የመኪና ቅርጽ ለመንደፍ አጫጭር የፖሊኖሚያል ቅስቶችን ተጠቀሙ። የዛሬ ፎንቶችም (የኮምፒውተርና የስልክ ፊደላት ቅርጾች) ጠርዛቸው የሚሳለው በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ቅስቶች ነው። እስቲ ይህን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ በደንብ አጉሉት። የ«ቀ» ክብ ጠርዝ አይሰባበርም። ባጎላችሁት ቁጥር ፖሊኖሚያሉ እንደገና እየተሰላ ነው።