ኢምፓክት ፋክተር ምንድን ነው? የማንስ ነው?

«ጽሑፌ ኢምፓክት ፋክተሩ 4 ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በአንድ የደረጃ ዕድገት ማመልከቻ ላይ ሰሞኑን እንደገና አነበብሁ። ጽሑፍ ኢምፓክት ፋክተር የለውም። ቁጥሩ የመጽሔቱ ነው፦ መጽሔቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ሥራዎች ቁጥሩ በሚሰላበት ዓመት በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱበት ብዛት፣ በእነዚያ ዓመታት ላወጣቸው የምርምርና የቅኝት ጽሑፎች ቁጥር ተካፍሎ የሚገኝ አማካይ ነው። ለአዘጋጁ የተጻፈ ደብዳቤ ሲጠቀስ ከላይ ይደመራል፤ ደብዳቤው ራሱ ግን ከታች አይቆጠርም።

«አማካይም ቢሆን ጽሑፉ ከዚያ ብዙ አይርቅም» ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ። እጅግ ይርቃል። በአንድ ቀበሌ ካሉ መቶ ቀፎዎች ሦስት አራቱ ሞልተው ሲገኙ ከብዙዎቹ የሚቆረጠው ጥቂት እንጀራ ማር ነው፤ ቀፎው ምን እንደያዘ ማወቅ የፈለገም አጭሶ መክፈት አለበት። «አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ» የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2008 ኢምፓክት ፋክተሩ 2 ገደማ ነበር፤ በ2009 ወደ 50 ተጠጋ። ምክንያቱ ጆርጅ ሼልድሪክ በ2008 ያሳተመው አንድ ጽሑፍ ነው፤ ሼልኤክስ የተባሉትን የክሪስታል መዋቅር ማስያ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙ ተመራማሪዎች ይህንኑ ይጠቅሱ ነበር። በዚያው ዓመት እዚያው ያሳተመ ሌላ ተመራማሪ ቁጥሩን የራሱ ካደረገ የጎረቤቱን ማር ቆጥሯል።

አበባው ከአገር አገር እንደሚለይ፣ የመጠቀስ ልማዱም ከመስክ መስክ ይለያል። በሕክምና ምርምር ጽሑፉ ብዙ፣ የማጣቀሻ ዝርዝሩም ረጅም ነው፤ በሒሳብ ግን ብዙ ሥራዎች መጠቀስ የሚጀምሩት የሁለት ዓመቱ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ በምሠራበት በዕፀዋት ምደባ ደግሞ የጤፍ ሙሉ ሳይንሳዊ ስም ኤራግሮስቲስ ጤፍ (ዙካኒ) ትሮተር ተብሎ ይጻፋል። ተክሉን የሰየሙት የዙካኒና የትሮተር ስም ከተክሉ ስም ጋር በየጽሑፉ ቢሰፍርም፣ ሥራዎቻቸው በማጣቀሻ ዝርዝር ካልገቡ እንደተጠቀሱ አይቆጠሩም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው ዶራ የተባለው መግለጫ፣ በቅጥር፣ በዕድገትና በምርምር ገንዘብ ውሳኔ የመጽሔት ቁጥር ለአንድ ጽሑፍ ጥራት ምትክ እንዳይሆን ይጠይቃል። ቁጥር የግድ ከተፈለገ ጽሑፉ ራሱ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ፣ ያውም በዚያው መስክ በዚያው ዓመት ከወጡት ጋር ተነጻጽሮ፣ ከንባብ በኋላ ይቅረብ።

ያንን ባለ 4 ጽሑፍ አነበብሁት። የናሙና አሰባሰቡ ጥንቁቅ ነው፤ ዝርያዎቹን ደረጃ በደረጃ የሚለየው የመለያ ዝርዝርም (ቁልፉ) መስክ ላይ ይሠራል። አመልካቹ ስለ ሁለቱም አንድ መስመር አልጻፈም።