«ራሱን ያቀለለ አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም»፦ ትርጉሙና መነሻው

ይህ ተረት ለራሱ ክብር የማይሰጥ ሰው ከሌላውም ክብር አያገኝም ለማለት ይነገራል። ባለዕዳ የተባለው እዚህ ላይ አበዳሪው፣ ማለትም ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ነው።

መነሻው ገበያ ነው። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ ተጠርቦ የሚወጣ ሞላላ ጨው ሲሆን፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከጠገራ ብር ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ስለሚጨምር ጅማ ሲደርስ ውድ ነበር፤ በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በሚሸጥበት በሂርማታ ገበያ፣ ተቀባዩ አሞሌውን በእጁ መዝኖና ጠርዙን ዳስሶ፣ እርጥበት ያሟሟው ወይም የተሸራረፈ ሆኖ ካገኘው ይመልሰዋል ወይም ዋጋውን ይቀንሳል። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

ተረቱ በዛሬዋ ጅማ የሥራ ቦታዎችም ይሠራል። በኦሮምኛ አፉን የፈታ ባለሙያ አማርኛ በሚነገርበት ስብሰባ ላይ ዕድል ተሰጥቶት ሳለ «ይቅርታ፣ አማርኛዬ ጥሩ አይደለም» ብሎ ሲጀምር፣ ሐሳቡ ገና ሳይሰማ ክብደቱን ይቀንሰዋል። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ጠርቦ ያወጣ የእጅ ባለሙያም፣ ዋጋ ሲጠየቅ «የመሰለዎትን ይስጡኝ» ካለ የድካሙን መለኪያ ለገዢው አስረከበ ማለት ነው።

ሆኖም ተረቱ አንድ ትልቅ ነገር ይዘላል። አሞሌ ራሱን አያቀልም፤ የሚያቀልለው ዝናቡ፣ የመንገዱ ርዝመትና የሚነካካው እጅ ነው፤ ነጋዴዎችም ይህን ስለሚያውቁ እንዳይሰበር ዙሪያውን በልጥ ያስሩት ነበር። ያ ባለሙያ ይቅርታ መጠየቅ የለመደው ከዚህ በፊት በአነጋገሩ ስለተሳቀበት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው «በራስህ ተማመን» ብሎ መምከር ብቻውን ጥፋቱን በእሱ ላይ መጫን ይሆናል። ሰብሳቢው የሚስቁትን ገሥጾ «በኦሮምኛ ቀጥል፣ የሚተረጉም አለ» ቢለው፣ ባለሙያው ስለ ቋንቋው ሳይሆን ስለ ሥራው መናገር ይጀምራል፤ ተሰብሳቢውም ሐሳቡን በይዘቱ ይመዝንለታል።